ላፕቶፕ ላይ የሚሠራው ሬዲስ ሰርቨር ላይ አልገናኝ አለኝ (የክፍል ማስያዣ ሲስተም፣ ሀዋሳ)

ሐይቅ_ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሀዋሳ ለአንድ ፔንሲዮን የክፍል ማስያዣ ሲስተም እየሠራሁ ነው። አፑ በጃንጎ (የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ) ነው፣ ዋናው ዳታቤዝ ፖስትግሬስ ነው። ሬዲስ (ዳታን ሚሞሪ ላይ የሚይዝ ፈጣን ዳታቤዝ) ያስገባሁት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። የገብርኤል ሰሞን፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ ከተማው በእንግዳ ይጥለቀለቃል። አንዱን ክፍል ሁለት ሰው እኩል ይመርጠዋል። አንደኛው ቴሌብር ላይ ፒን ቁጥሩን እስኪያስገባ ሁለተኛው ከፍሎ ይጨርሳል። ከዚያ ሁለቱም ደረሰኝ ይዘው እንግዳ መቀበያው ላይ ይቆማሉ። ክፍሉን ለጥቂት ደቂቃ ይዞ የሚያቆይልኝ ፈጣን ነገር የፈለግኩት ለዚህ ነው።

ላፕቶፔ ላይ ሁሉም ይሠራል። ሰርቨር ላይ በዶከር ኮምፖዝ (እያንዳንዱን ፕሮግራም ኮንቴይነር በሚባል የራሱ ሳጥን ውስጥ የሚያስነሳ) ሳስነሳው ግን ሎጉ ላይ ይሄ ይመጣል፦

ኤረር 111፣ ሎካልሆስት 6379፣ ኮኔክሽን ሪፊውዝድ

ግራ የገባኝ ሬዲሱ ተነስቷል። የሬዲሱ ኮንቴይነር ውስጥ ገብቼ በሲኤልአይ (ትእዛዝ መጻፊያው) ፒንግ ስል ፖንግ ብሎ ይመልስልኛል። የጃንጎው ሴቲንግ ላይ ሆስቱ ሎካልሆስት፣ ፖርቱ 6379 ነው። ፓስወርድ አላደረግኩለትም። ሐምሌ እየደረሰ ስለሆነ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

ባጃጅ_ዴቭ

ቀላል ነው እህቴ። ኮንፊጉ ላይ ባይንድ የሚለውን 0.0.0.0 አድርጊው። ፕሮቴክትድ ሞድን ኖ በይው። ኮምፖዙ ላይ ፖርትስ ብለሽ 6379ን ክፈቺ። ከዚያ ሆስቱ ቦታ ላይ የሰርቨሩን አይፒ አስገቢ። ወዲያው ይሠራል።

ፖርት_ጠባቂ

እህቴ፣ እባክሽ ከላይ ያለውን አታድርጊ። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ፣ መጀመሪያ ያንቺን ችግር እንፍታ።

መልሱ እዚያው ኤረሩ ውስጥ አለ። ሪፊውዝድ ሲልሽ ጥያቄሽ የተላከበት ቦታ ደርሷል፣ ግን እዚያ ፖርት ላይ የሚያዳምጥ የለም ማለት ነው። የላክሽው ደግሞ ወደ ሎካልሆስት ነው። ኮንቴይነር ውስጥ ሎካልሆስት ማለት ኮንቴይነሩ ራሱ ነው። ሰርቨሩ አይደለም፣ አጠገቡ ያለው የሬዲስ ኮንቴይነርም አይደለም። ጃንጎሽ ሬዲስን የሚፈልገው የራሱ ቤት ውስጥ ነው። ላፕቶፕሽ ላይ የሠራው ሁለቱም አንድ ማሽን ላይ ስለነበሩ ነው።

ኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ለሬዲሱ የሰጠሽው የሰርቪስ ስም ምን ነበር? እሱኑ ስም ሆስቱ ቦታ ላይ ጻፊው። በቃ። ኮምፖዝ የራሱን ኔትዎርክ ይሠራል፣ ኮንቴይነሮቹ እርስ በርስ በሰርቪስ ስማቸው ይገኛኛሉ። ለሬዲሱ ፖርትስ የሚል መስመር ጭራሽ አያስፈልግም። ካለም አጥፊው።

ለሌላ ጊዜም ኤረሩን ለይቶ ማንበብ በጣም ይጠቅምሻል። ታይምአውት ካለሽ መንገድ ላይ ፋየርዎል አለ ወይም አይፒው ሌላ ነው። ስሙን አላገኘሁትም ካለሽ የሰርቪሱን ስም አጻጻፍ ወይም ኔትዎርኩን እዪ። ኖአውዝ ካለሽ ደርሰሻል፣ የቀረሽ ፓስወርድ ብቻ ነው። ሮንግታይፕ ካለሽ ደግሞ ግንኙነቱ ሰላም ነው፣ ሊስት ሆኖ የተቀመጠውን ቁልፍ እንደ ስትሪንግ እየጠየቅሽው ነው። ብዙ ሰው እነዚህን ሁሉ "ሬዲስ እምቢ አለኝ" ብሎ አንድ ላይ ይጠቀልላቸውና ያልተበላሸውን ሲነካካ ያድራል።

አሁን ወደ 0.0.0.0፣ ማለትም ከየትም ለሚመጣ ግንኙነት ክፍት ወደማድረጉ ልምጣ። ሬዲስ ሲሠራ ጀምሮ የታሰበው የታመነ ኔትዎርክ ውስጥ እንዲቀመጥ ነው። ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ፣ የሠራው ሰውዬ፣ ክፍት የተተወ ሬዲስ ሙሉ ሰርቨር እንዴት እንደሚያስወስድ በ2015 ራሱ አሳይቶ ጽፏል። ነገሩ ረጅም አይደለም። አጥቂው የራሱን የኤስኤስኤች (ከርቀት ሰርቨር ውስጥ የሚገባበት) ቁልፍ እንደ ተራ ዳታ ያስገባል። ኮንፊግ ሴት በሚለው ትእዛዝ ዳታው ሴቭ የሚደረግበትን ፎልደር ወደ ኤስኤስኤች ፎልደር ያዞራል። ከዚያ ሴቭ ይላል። ማሽኑ የሱ ሆነ። ዛሬ ይህን የሚያደርገው ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው አይደለም፣ ኢንተርኔቱን ቀን ከሌት የሚያስስ ፕሮግራም ነው። ብዙውን ጊዜ ሰርቨርሽን የሚፈልገው ክሪፕቶ ሊያመርትበት ነው። ፕሮቴክትድ ሞድ 3.2 ላይ የተጨመረው በዚህ ጣጣ ምክንያት ነው። ኖ በይው ማለት ይህንን ጥበቃ አንሺው ማለት ነው።

ዶከር ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። ኦፊሴላዊው የሬዲስ ኢሜጅ ፕሮቴክትድ ሞዱ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ ሌሎች ኮንቴይነሮች እንዲደርሱበት ተብሎ። በዚህ ላይ ፖርትስ ብለሽ ስትከፍቺ ዶከር የራሱን የፋየርዎል ሕግ ይጽፋል። ዩኤፍደብልዩ (የሊኑክሱ ፋየርዎል) "6379 ዝግ ነው" እያለሽ ፖርቱ ለዓለም ክፍት ሆኖ ሊያድር ይችላል።

ታቦር_ኮድ

በሰርቪስ ስም ቀየርኩት፣ የኔም ተፈታ። ተባረክ ወንድሜ።

ባጃጅ_ዴቭ

እሺ፣ ፓስወርድ ቢደረግበትስ? እኔ ከቤቴ ሆኜ ዳታውን ማየት አለብኝ። ሁሌ ሰርቨር ውስጥ እየገቡ በትንሽ ስክሪን ማየት ያታክታል።

ፖርት_ጠባቂ

ተገቢ ጥያቄ ነው። ፓስወርድ አድርግ፣ ውስጥ ለውስጥም ቢሆን አድርግ። ግን ፓስወርድ ብቻውን በሩን ለመክፈት ምክንያት አይሆንም። ሬዲስ በጣም ፈጣን ስለሆነ የሚሞክርበትም ሰው ፈጣን ይሆናል። ኮንፊግ ፋይሉ ራሱ ሪኳየርፓስ አጠገብ ያስጠነቅቃል፤ በሰከንድ እስከ 1 ሚሊዮን ፓስወርድ ሊሞከርበት ይችላል ይላል። ስለዚህ በቃል የሚያዝ ሳይሆን ረጅም፣ ማሽን ያወጣው ፓስወርድ ይሁን። ሌላው፣ ቲኤልኤስ ካላበራህ ፓስወርድህ ሳይመሰጠር ነው የሚጓዘው።

ከቤት ለማየት ኤስኤስኤች ተነል ተጠቀም። ኮምፖዙ ላይ ፖርቱን 127.0.0.1:6379:6379 ብለህ ለራሱ ለሰርቨሩ ብቻ ክፈተው። ከዚያ ከላፕቶፕህ 6380ን በኤስኤስኤች አሳልፈህ ወደ ሰርቨሩ 127.0.0.1 6379 አገናኘው። የምትወደው ፕሮግራም ላይ ሎካልሆስት 6380 ብለህ ትገባለህ። ውጭ ያለ ሰው ምንም አያይም።

ቨርዥን 6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ኤሲኤል አለ። ለአፑ የራሱን ዩዘር ፍጠርለት፣ የሚያስፈልጉትን ትእዛዞች ብቻ ፍቀድለት። የክፍል ማስያዣ አፕ ኮንፊግ ሴትም ፍላሽኦልም (ዳታውን ሁሉ የሚደመስሰው) ምን ያደርግለታል?

ሐይቅ_ዳር

ተገናኘ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፖርትስ የሚለውንም አጥፍቼዋለሁ።

አሁን ሌላ ነገር ገጠመኝ። ክፍል ሲያዝ የእንግዳውን ቶከን (እሱን የሚለይ ኮድ) አስቀምጣለሁ። መልሼ ሳወጣውና ከሴሽኑ ቶከን ጋር ሳወዳድረው ግን ሁሌ "አይመሳሰሉም" ይለኛል። ፕሪንት ሳደርገው ፊቱ ላይ ቢ የምትል ፊደል አለች።

ሁለተኛ፣ ቁልፎቹን በአማርኛ ነው የሰየምኳቸው፣ "ክፍል:12:ሐምሌ19" እያልኩ። ሲኤልአይ ላይ ሳያቸው በስላሽና በቁጥር የተሞላ የማይነበብ ነገር ነው። ዳታው ተበላሽቶ ይሆን?

የናዝሬት_ልጅ

ሰላም ከአዳማ። እኔ የአውቶቡስ ወንበር ማስያዣ ላይ ነው የምሠራው፣ ያንቺ ነገር ከኔ ጋር አንድ ነው።

ዳታው አልተበላሸም። የፓይተኑ ላይብረሪ ካልነገርሽው በቀር የሚመልስልሽ ባይት ነው። ቢ የምትለዋ እሷ ናት። ክላየንቱን ስትፈጥሪ ዲኮድ ሪስፖንስስ የሚለውን ትሩ አድርጊው፣ ስትሪንግ ሆኖ ይመጣል። ሬዲስ ለቁልፉ ፊደል ግድ የለውም፣ የሰጠሽውን ባይት እንዳለ ያስቀምጣል። አማርኛም ያው ባይት ነው። ሲኤልአዩን ሮው በሚለው ኦፕሽን ክፈቺው፣ "ክፍል:12" ብሎ በግዕዝ ያሳይሻል። የግዕዝ ፊደል ግን በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ 3 ባይት ነው። ቁልፍሽ ጥቂት ሺህ ከሆነ ምንም አይደለም። ሚሊዮን ከሆነ ሚሞሪ ላይ ይታያል።

እኔን ያሳሰበኝ "ሐምሌ19" የሚለው ነው። ቁልፉ ውስጥ ያለው ቀን ሁልጊዜ ከአንድ አቆጣጠር ይምጣ። ሐምሌ 19 በፈረንጁ ጁላይ 26 ነው። ድረ ገጹ በኢትዮጵያ ቢልክ፣ እንግዳ መቀበያው ያለው ስክሪን ደግሞ በፈረንጅ ቢልክ፣ ለአንድ ሌሊት ሁለት ቁልፍ ይኖርሻል። ሁለቱም "ክፍት ነው" ይላሉ። ሬዲሱ ምንም ሳያጠፋ ክፍሉ ሁለቴ ይሸጣል። እኛ ዳታቤዙ ውስጥ ያለውን የፈረንጅ ቀን ነው ለቁልፉ የምንወስደው። የኢትዮጵያው ለሰው ሲታይ ብቻ ይቀየራል።

አያያዙን እንዴት ነው የጻፍሽው? ኮዱን ብታሳዪን ጥሩ ነው።

ሐይቅ_ዳር

መጀመሪያ ጌት (አንብብ) እላለሁ። ባዶ ከሆነ ሴት (አስቀምጥ) አደርጋለሁ። ከዚያ ኤክስፓየር 600 እሰጠዋለሁ፣ 10 ደቂቃ ማለት ነው።

የናዝሬት_ልጅ

ይሄን ቀይሪው። ሁለት ቀዳዳ አለው።

ጌት ብለሽ "ባዶ ነው" እስኪልሽና ሴት እስክትዪ ድረስ ሌላ ሰው በመሀል ጌት ሊል ይችላል። ለሱም ባዶ ነው። ሁለታችሁም ትይዛላችሁ፣ የኋለኛው የፊተኛውን ይደመስሰዋል። ሴት ካልሽ በኋላ ኤክስፓየር ሳትዪ አፑ ቢወድቅ ደግሞ ያ ክፍል ለዘለዓለም ተይዞ ይቀራል። ሰው ገብቶ እስኪያጠፋው ድረስ "ሞልቷል" ይላል።

ሦስቱም በአንድ ትእዛዝ ያልቃል፦

ሴት [ቁልፉ] [ቶከኑ] ኤንኤክስ ኢኤክስ 600

ኤንኤክስ ማለት ቁልፉ ከሌለ ብቻ አስቀምጥ። ኢኤክስ 600 ማለት ከ600 ሰከንድ በኋላ ራሱ ይጥፋ። መናኸሪያ ውስጥ ወንበር ላይ ነጠላ አስቀምጦ ትኬት ለመቁረጥ መውረድ ማለት ነው። ቀድሞ ያስቀመጠ ይዟል፣ ካልተመለሰ ወንበሩ ይለቀቃል። ሬዲስ ትእዛዞችን የሚፈጽመው አንድ በአንድ ስለሆነ ሁለት ሰው እኩል ሊያስቀምጥ አይችልም። አንዱ ኦኬ ያገኛል፣ ሌላው ናል (ባዶ መልስ)። ናል ሲመጣ ለእንግዳው "ሌላ ሰው እየከፈለበት ነው፣ ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ" በይው።

ስትለቂም ጥንቃቄ አለው። ዝም ብለሽ ዴል (አጥፋ) አትበዪ። የመጀመሪያው ሰው 10 ደቂቃው አልፎበት፣ ክፍሉን ሌላ ሰው ይዞት ሊሆን ይችላል። ያኔ የፊተኛው "ሰርዝ" ሲል የሁለተኛውን ሰው ይዞታ ያጠፋል። ቶከኑ የኔ ከሆነ ብቻ አጥፋ የሚል አጭር የሉዋ ስክሪፕት (ሬዲሱ ራሱ የሚፈጽመው ፕሮግራም) ጻፊ። ስክሪፕቱ በመሀሉ ሌላ ትእዛዝ ሳይገባ ነው የሚፈጸመው። ሦስት ሌሊት ለሚያድር እንግዳም ያው ነው። ሦስቱም ቁልፍ ባዶ ከሆነ ሦስቱንም ያዝ፣ አንዱ እንኳ ከተያዘ ምንም አትያዝ። ኤምሴትኤንኤክስ የሚባለው ይሄን ያደርጋል፣ ግን የጊዜ ገደብ አይቀበልም። ስለዚህ ሉዋ ይሻላል።

ታቦር_ኮድ

ትንሽ ከርዕሱ ልውጣ። ሬዲስ ላይሰንሱን ቀይሯል ሲባል ሰምቻለሁ። አዲስ ፕሮጀክት ላይ ቫልኪ ይሻላል?

ፖርት_ጠባቂ

ላይሰንሱ የተቀየረው ማርች 2024 ላይ ነው። በዚያው ወር ሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ቫልኪ ተጀመረ፣ ከሬዲስ 7.2.4 ተነስቶ። በ2025 ደግሞ ሬዲስ 8 ኤጂፒኤልን (የክፍት ምንጭ ላይሰንስ) እንደ ተጨማሪ ምርጫ ይዞ መጣ። እዚህ ላለው ሥራ ልዩነቱ አይሰማህም። ፖርቱ ያው 6379 ነው፣ ፕሮቶኮሉም ያው ነው፣ የፓይተን ላይብረሪህም ሳይቀየር ይገናኛል። እኔ ሊኑክሱ ራሱ በፓኬጅ የሚያቀርበውን ነው የምወስደው፣ አፕዴቱ አብሮ ስለሚመጣ።

ባጃጅ_ዴቭ

የኔ ደግሞ ለሰዓታት ይሠራና "ከፍተኛው የክላየንት ቁጥር ላይ ተደርሷል" ብሎ ይቆማል። ሪስታርት ሳደርገው ይመለሳል። ሬዲሱ ከአንድ ክላውድ የተከራየሁት ትንሹ ፕላን ነው።

የናዝሬት_ልጅ

ሬዲስ ራሱ ሲመጣ የሚፈቅደው 10,000 ክላየንት ነው። የሚከራዩት ትናንሽ ፕላኖች ግን ከዚያ በጣም ዝቅ አድርገው ይገድባሉ። ያንተ ኮድ ምናልባት በእያንዳንዱ ሪኩዌስት አዲስ ክላየንት እየፈጠረ ነው። ክላየንቱን ከቪው ፋንክሽኑ አውጣው። ፕሮሰሱ ሲነሳ አንዴ ይፈጠር፣ ሁሉም እሱን ይጠቀም። ላይብረሪው ውስጥ ኮኔክሽን ፑል አለ፣ ራሱ ያበድራል ራሱ ይቀበላል። ኢንፎ ክላየንትስ ብለህ ኮኔክትድ ክላየንትስ የሚለውን ቁጥር እየው። ገጹን ሪፍሬሽ ባደረግክ ቁጥር ከጨመረና ካልወረደ አገኘኸው ማለት ነው።

ኮኔክት ታይምአውትና ሶኬት ታይምአውትም ስጠው፣ አንድ ወይ ሁለት ሰከንድ። ካልሰጠኸው ኔትዎርኩ ሲቋረጥ አፑ ኤረር እንኳ ሳይል ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። ደንበኛው የሚያየው የሚሽከረከር ክብ ብቻ ነው።

ደግሞ አፑ የት ነው ያለው? ሬዲሱ አውሮፓ፣ አፑ እዚህ ከሆነ እያንዳንዱ ትእዛዝ ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመለሰው። ደርሶ መልሱ 100 ሚሊ ሰከንድ ነው እንበል። አንድ ገጽ 50 ጊዜ ጌት ካለ 5 ሰከንድ ሄደ። አፑንና ሬዲሱን አንድ ቦታ አስቀምጣቸው። ካልተቻለ በኤምጌት ወይም በፓይፕላይን ጥያቄዎቹን ሰብስበህ አንዴ ላክ።

ሐይቅ_ዳር

የኔ አንድ ሰርቨር ላይ ናቸው። ባለቤቱ ግን "እዚሁ ፔንሲዮኑ ውስጥ ይሁንልኝ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንግዳ መቀበያው መሥራት አለበት" ይላሉ። ከኋላ ያለ ክፍል ውስጥ አንድ ኮምፒውተር አለ። መብራት ሲሄድስ? ሬዲስ ሚሞሪ ላይ ነው የሚኖረው፣ ያስያዙት ሰዎች ሁሉ አይጠፉብኝም?

የድሮ_ሲስአድሚን

ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ጠየቅሽ። ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ ነው የሚቆመው።

መጀመሪያ ሁለቱን ለዪ። "ለ10 ደቂቃ ተይዟል" ሌላ ነው፣ "ተከፍሎበታል" ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሬዲስ ውስጥ ይኑር። ሁለተኛው ገንዘብ ነው፤ ፖስትግሬስ ውስጥ ይግባ። እዚያም የክፍል ቁጥርና ሌሊት አንድ ላይ እንዳይደገሙ ዩኒክ ኮንስትሬይንት አድርጊበት። እንዲህ ካደረግሽ ሬዲሱ ባዶውን ቢነሳ የምታጪው የጥቂት ደቂቃ ይዞታ ነው። ሁለት ሰው ቢያልፍ እንኳ ሁለተኛውን ፖስትግሬስ ይመልሰዋል። ያኔ ገንዘቡን የሚመልስ መንገድ ኮዱ ውስጥ አስቀድመሽ አዘጋጂ።

ሬዲስም ቢሆን ዲስክ ላይ ይጽፋል። ሲመጣ የበራው አርዲቢ የሚባለው ነው፣ በየጊዜው የዳታውን ሙሉ ቅጂ ያስቀምጣል። ለውጥ ትንሽ ከሆነ በሁለት ቅጂ መሀል አንድ ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። መብራት በመሀል ከሄደ ያ ሁሉ የለም። ኤኦኤፍ ግን እያንዳንዱን ጽሕፈት ተራ በተራ ይመዘግባል። እሱ ሲመጣ ጠፍቶ ነው፣ አፔንድ ኦንሊ የሚለውን የስ በይው። ኤቭሪሴክ (በየሰከንዱ ዲስክ ላይ ጻፍ) ላይ ከተውሽው የሚጠፋብሽ የአንድ ሰከንድ ያህል ሥራ ነው። ዶከር ላይ ደግሞ ዳታ የሚለውን ፎልደር ቮልዩም ስጪው። አለዚያ ኮንቴይነሩ ሲታደስ ፋይሉም አብሮት ሊሄድ ይችላል። ኮምፒውተሩ ላይ ዩፒኤስ ይኑር፣ ይሄ ለፖስትግሬሱም ነው።

ሌላ ሁለት ነገር። ማክስሚሞሪ ካልወሰንሽለት ሬዲስ ማሽኑ ላይ ያለውን ሚሞሪ ሊጨርሰው ይችላል። ወስኚለት። ሲሞላ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ፖሊሲው ላይ ይነገረዋል። ላንቺ ሥራ ኖኢቪክሽን ላይ ይቆይ፣ ሲሞላ አዲስ ጽሕፈት እምቢ ይላል። ኦልኪስ ኤልአርዩ ለካሽ (ቢጠፋ ለማይጎዳ ጊዜያዊ ቅጂ) ጥሩ ነው፣ ለይዞታ ግን ጥሩ አይደለም። ቦታ ሲያጣ የሰው ክፍል በዝምታ ይለቅብሻል።

ክፍት ክፍሎችን ለማሳየት ብለሽም ኪስ ኮከብ (KEYS *) እንዳትዪ። ያ ትእዛዝ ሁሉንም ቁልፍ እስኪያይ ሌላው ሁሉ ቆሞ ይጠብቀዋል። ስካን በጥቂት በጥቂቱ ይሄዳል። ከሁሉም የሚሻለው ግን የክፍሎቹን ዝርዝር ከፖስትግሬስ አውጥተሽ፣ ቁልፎቻቸውን በአንድ ኤምጌት መጠየቅ ነው።

ሐይቅ_ዳር

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ኤኦኤፉን አብርቼ፣ ቮልዩም ሰጥቼ፣ የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቅዬ ሞከርኩት። ሲነሳ ቁልፎቹ አሉ። ዩኒክ ኮንስትሬይንቱንም አስገብቻለሁ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ልጨምር። ረጅም ፓስወርድ በማሽን አውጥቼ በዩአርኤል መልክ ሴቲንጉ ላይ አስገባሁት። አሁን ሆስቱን አላውቀውም ይለኛል። ሲኤልአይ ላይ በዚያው ፓስወርድ እገባለሁ።

የድሮ_ሲስአድሚን

ፓስወርዱ ውስጥ ኢሜይል ላይ የምንጠቀምባት @ አለች?

ሐይቅ_ዳር

አዎ አለች። # ደግሞ አለች።

የድሮ_ሲስአድሚን

እነሱ ናቸው። ዩአርኤል ውስጥ @ ፓስወርዱ አልቆ ሆስቱ የሚጀምርባት ምልክት ናት። # ደግሞ ከሷ በኋላ ያለውን ሁሉ ከአድራሻው ያስወጣዋል። ላይብረሪው የፓስወርድሽን ቁራጭ እንደ ሆስት ስም እያነበበው ነው። @ን በ%40፣ #ን በ%23 ተኪያቸው። ወይ ፓስወርዱን ከፊደልና ከቁጥር ብቻ አውጥተሽ ርዝመቱን ጨምሪበት፣ እኔ ይሄን ነው የምመርጠው። ሴቲንግ ፋይሉ ላይ አትጻፊው፣ በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ይግባ፣ ጊት ላይ እንዳይወጣ። አሁን ሴቲንጉ ላይ ያስገባሽውንም ፓስወርድ ዛሬውኑ ቀይሪው።